ከመጋረጃው ጀርባ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንቀይር?

ከመጋረጃ ጀርባ · እሑድ ማታ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ፋሽን ትርዒታችን ተጠናቀቀ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ገቢው ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የብሬል (በጣት የሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ) ማተሚያ መግዣ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስልኬ ላይ የማየው የመድረኩን ፎቶ ነው። ሁሉም ያምራል። እኔ ግን አንዱንም ልብስ ከፊት ለፊት አላየሁትም። የአልባሾቹ ኃላፊ ስለነበርኩ ምሽቱን በሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እዚያ የሆነውን ልጻፍላችሁ። መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁም አለኝ።

14 ሞዴሎች ነበሩን። ለእያንዳንዳቸው 3 ልብስ፣ በድምሩ 42። አልባሾቹ 7 ነበሩ፤ አንዱ አልባሽ ሁለት ሞዴል ይይዛል። እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ የልብስ መስቀያ ነበረው። ጫፉ ላይ፣ ልብሱ ለሞዴሉ ልክ መሆኑን ባየንበት ቀን የተነሳ ፎቶ ለጥፈናል። ከፎቶው ሥር የትኛው ጫማ፣ የትኛው የጆሮ ጌጥ፣ ፀጉር ታስሮ ወይስ ተለቅቆ የሚል ተጽፏል። ስንለጥፈው ትርፍ ሥራ ይመስል ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን ያዳነን እሱ ነው።

አዎ፣ መብራት ጠፋብን። የመድረኩ ሳይሆን የእኛ። ትርዒቱ ሊጀመር 25 ደቂቃ ሲቀረው ሁለት የእንፋሎት ካውያና አንድ የፀጉር ማድረቂያ በአንድ ማከፋፈያ ሰክተን እየሠራን ነበር። ለትንሽ ደቂቃ ቻለ። ከዚያ ድርግም አለ። በስልክ መብራት 14 ሰው አለበስን። ፎቶዎቹ ባይኖሩ የማን ጫማ የማን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የእኔ ነው። የመውጫውን ቅደም ተከተል ያወጣሁት በቀለም ነበር። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ እንዲሄድ ፈልጌ። ወረቀት ላይ በጣም ያምር ነበር። ማታ ላይ ግን አንዷ ሞዴላችን 28ኛ ወጥታ 32ኛ መውጣት ነበረባት። የምትለብሰው ሰማያዊ ቀሚስ ደግሞ ጀርባው ላይ 18 ቁልፍ አለው። ሁለት አልባሾች ተንበርክከው አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ሲቆልፉ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። 11 ቆለፉ። የቀረውን በመርፌ ቁልፍ ያዙትና ወጣች። ከፊት ያለው ሰው ምንም አላየም። አጨበጨበ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። መጨረሻ ላይ ሁሉም መድረክ ላይ ተጠራ። ዲዛይነሮቹ፣ ሞዴሎቹ፣ ሙዚቃ ያጫወተው፣ መድረክ የመራው፣ ፎቶ ያነሳው። አልባሾቹን ማንም አልጠራም። ከመካከላቸው አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አለች። ከቤቷ የእናቷን የስፌት ሳጥን ይዛ የመጣች ልጅ ናት። ማታውን ሙሉ መሬት ላይ ተንበርክካ የሰው ጫማ ስታስር አመሸች። ጭብጨባው ሲሰማ እሷ በማግኔት ወለሉ ላይ የወደቀ ስፒል እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ ፈገግ አለችና ቀጠለች። አላዘነችም ይሆናል። እኔ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

የሚቀጥለው ዓመት ትርዒት ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቷል። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ፣ የተመለከታችሁ፣ የታዘባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ምን ልቀይር?

ሁለት ሜትር ክር · እሑድ ማታ 5፡02

እህቴ፣ በርቺ። እኔ አራት ትርዒት ላይ አልባሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። የቀለሙ ነገር የብዙ ሰው ስህተት ነው። አንቺ ላይ ብቻ አልደረሰም።

ቅደም ተከተል ከማውጣትሽ በፊት አንድ ስሌት ሥሪ። በየስንት ሰከንዱ ነው ሰው የሚወጣው? 20 ሰከንድ እንበል። አንድ ሞዴል መድረኩን ሄዳ ስትመለስ ስንት ይፈጅባታል? 40 ሰከንድ እንበል። ከ28 እስከ 32 አራት መውጫ አለ። አራት ጊዜ 20፣ 80 ነው። ከዚያ ላይ እሷ መድረክ ላይ የምትቆይበትን 40 ቀንሺ። የቀራት 40 ሰከንድ ነው። ጫማ ማውለቅ፣ ማልበስ፣ ጌጥ መቀየር፣ ወደ መውጫው መመለስ፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ ነው። 18 ቁልፍ በ40 ሰከንድ ማንም አይቆልፍም።

14 ሞዴል ካላችሁ በተራ ብታወጧቸው ኖሮ ለእያንዳንዳቸው 4 ደቂቃ ይተርፋቸው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ተራውን አስይዢ፤ ቀለሙን በዚያ ውስጥ አስተካክዪ። ቀለም እንዲቀጥል የግድ ከሆነ ደግሞ ያቺን ሞዴል ሁለት ልብስ ብቻ አልብሻት። ሦስተኛው ለሌላ ይሰጥ።

ሌላው፣ ልምምድ ስታደርጉ ልብስ እየቀየራችሁ ነው ወይስ መራመድ ብቻ? እኔ ያየሁት ሁሉ አረማመድ ብቻ ይለማመዳል። አልባሾቹ ልብሱን የሚያዩት በዕለቱ ነው። ቢያንስ አንድ ጊዜ በሰዓት እየተለካ፣ በእውነተኛው ልብስና ጫማ ይሞከር። የትኛው ልብስ እንደሚያስቸግር ያኔ ይታወቃል።

መብራቱ የኔ · ሰኞ ጠዋት 1፡35

መብራታችሁን ያጠፋው ብሬከሩ ነው፤ ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው ማለት ነው። ጉዳዩ የእኔ ሙያ ስለሆነ ልናገር። የእንፋሎት ካውያ አብዛኛውን ጊዜ 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። የፀጉር ማድረቂያ 2,000 ድረስ ይሄዳል። ሁለት ካውያና አንድ ማድረቂያ 5,000 ዋት ሆነ ማለት ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ ያለ የ16 አምፔር ብሬከር የሚችለው 3,520 ዋት ነው። 16ን በ220 ማባዛት ብቻ ነው።

«ለትንሽ ደቂቃ ቻለ» ያልሽውም ለዚህ ነው። ጭነቱ ከመጠን ያለፈ ግን እጥፍ ያልሆነ ሲሆን ብሬከር ወዲያው አይወርድም። ውስጡ ያለው ብረት እስኪግል ይቆያል። ብዙ ሰው ታዲያ «ይኸው ሠራ» ብሎ ይዘናጋል።

መፍትሔው ማከፋፈያ መጨመር አይደለም። ማከፋፈያ መሰኪያ ያበዛል እንጂ ኃይል አይጨምርም። ሶኬቶቹ በየትኛው ብሬከር ሥር እንዳሉ አስቀድማችሁ እወቁ። አንድ ሰው ሶኬቱ ላይ መብራት ይሰካ፤ ሌላው ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያጥፋ። ከዚያ ሶኬቶቹ ላይ በፕላስተር ቁጥር ይለጠፍ። ካውያ በአንዱ፣ ማድረቂያ በሌላው። የድምፅና የመድረክ መብራት ደግሞ ጨርሶ ለብቻው።

እባካችሁ የልብስ መስቀያ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ላይ አታቁሙ። ባየኋቸው ትርዒቶች ሁሉ ይህ አለ። በጨለማ፣ በጨርቅ መሀል፣ የጋለ ካውያ ባለበት ክፍል ውስጥ ያ በር ክፍት መሆን አለበት።

ረጅሟ · ሰኞ ጠዋት 3፡50

ያቺ ባለ 18 ቁልፏ እኔ ነኝ። በመጀመሪያ ለሁለቱ አልባሾች ምስጋናዬን ላድርስ። ወደ መውጫው ስሮጥ አንዷ ከኋላዬ እየሮጠች የመጨረሻውን መርፌ ቁልፍ ትይዝልኝ ነበር። ስወጣ «ተንፍሺ» ያለችኝን አልረሳውም። ቀሚሱ ውስጥ ወገቤ ላይ የሆነ ነገር ይወጋኝ ነበር። ፍርሃት ነው ብዬ ዝም ብዬ ተራመድኩ።

ሁለት ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ስድብ አይደለም፤ እንዲስተካከል ነው።

አንደኛ፣ ልብስ በምንቀይርበት ቦታ ስልክ ይዘው ቪዲዮ የሚቀርፁ ሰዎች ነበሩ። ለቲክቶክ «ከመጋረጃ ጀርባ» ነው ተባለ። እኛ ግማሽ አካላችን ራቁት ነው። ማንንም በክፋት አልጠረጥርም። ግን ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም። ልብስ መቀየሪያው ለብቻው ይከለል፣ እዚያም ስልክ አይግባ። ቪዲዮ የሚፈለግ ከሆነ ሜካፕ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ እዚያ ይቀረፅ።

ሁለተኛ፣ ልክ በታየ ቀን ከአዘጋጆቹ አንዱ ለአንዲት ጓደኛችን «እስከ ትርዒቱ ትንሽ ቀንሺ» አላት። ልጅቷ ሦስት ቀን በቅጡ አልበላችም። በበጎ አድራጎት ስም የምንሠራው ሥራ የገዛ ጓደኛችንን ማስራብ የለበትም። ይህ ከመብራቱም ከቁልፉም ይበልጥብኛል።

ከመጋረጃ ጀርባ · ሰኞ ጠዋት 4፡15

ረጅሟ፣ ይቅርታ። ስለ ስልኩ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ትናንት ማታ ቪዲዮ ለለቀቁት ሁለት ልጆች አሁን ደውዬ ቪዲዮውን አስጠፋሁ። ሌላ ያየ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የጓደኛችሁን ነገር አልሰማሁም ነበር። ዛሬ እሄድና አገኛታለሁ።

የመርፌ ዓይን · ሰኞ ከሰዓት 8፡20

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በስፌት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ልጄ ናት ይህን ውይይት ያሳየችኝ። ትንሽ ልበላችሁ።

«ቀንሺ» ስለተባለችው ልጅ። ልብስ ሰፊ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ የሚተወው ለምን ይመስላችኋል? በየጎኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተተወ፣ ተፈትቶ ሲሰፋ፣ ለአዲሱ ስፌት ትንሽ ቀርቶ እንኳ፣ ወገቡ እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ድረስ ሊሰፋ ይችላል። በግራ ሁለት ጠርዝ፣ በቀኝ ሁለት ጠርዝ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ለማትረፍ ሰው አይራብም። ልብሱ የተውሶ ከሆነና መፍታት ካልተቻለ ሌላ ልብስ ይሰጣት። አለቀ።

የ18ቱ ቁልፍ መፍትሔም ቀላል ነው። ለቲያትር የሚሰፉ ሰዎች ድሮም ያውቁታል። ቁልፎቹ ለዓይን ከላይ ተሰፍተው ይቀመጣሉ፣ ከሥራቸው የተደበቀ ዚፕ ይገባል። በሁለት ሰከንድ ይዘጋል። ዲዛይነሩ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ሥራው የእሱ ነው፤ ሳይጠየቅ አይነካም።

የተውሶ ልብስ ሲመጣ ስትረከቡ ፎቶ አንሱት። የተቀደደ፣ የደበዘዘ፣ የላላ ቁልፍ ካለ ያኔውኑ ይመዝገብ። የጫማውን ሥር በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፤ መድረክ አይፍቀው። ልብስ በራስ በኩል ሲገባ ፊት ላይ ስስ ሻሽ ጣል ይደረግ፤ ሜካፕ አንገትጌ ላይ ከተነካ አይለቅም። የብብት ዲዮድራንት ነጭ ምልክት ሲታይ ውኃ አትንኩ። ንጹሕ የናይሎን ስቶኪንግ ይዛችሁ በደረቁ ፈተግ ፈተግ አድርጉት፣ ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ስፒል ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ አልባሽ 20 ስጡት፣ ማታ 20 ተቀበሉት። 19 ከሆነ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በማግኔት ወለሉን የለቀመችው ልጅ ጎበዝ ናት፤ እናቷ ያስተማረቻት መሆን አለበት። ግን ስፒል ወለል ላይ ብቻ አይቀርም።

ቁጥር አይዋሽም · ሰኞ ማታ 1፡30

በጥሩ ልብ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን በጥሩ ልብ ውሰዱት። የብሬል ማተሚያ ለመግዛት ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ለመድረክ፣ ለአበባ፣ ለድምፅ፣ ለምንጣፍ የወጣው ገንዘብ በቀጥታ ለማተሚያው ቢውልስ? ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

ይህን ዝም ብዬ አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2024 የእንግሊዝና ዌልስ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአንድ ድርጅት ላይ ያደረገውን ምርመራ ውጤት አውጥቶ ነበር። ድርጅቱ ገንዘብ የሚሰበስበው የፋሽን ትርዒት በማዘጋጀት ነው። ከ2016 እስከ 2022 ካወጣው ገንዘብ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ስጦታ የዋለው 8.5 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ በታዋቂ ሰዎች የተሞላ፣ ልምድ ያለው ድርጅት ነው። ተማሪ ሲሆን ደግሞ መዝገብ መያዝ የባሰ ይላላል።

ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ስንት ደረሰ? ይህ ሦስት መስመር ነው። ከፎቶዎቹ ጋር አብሮ መለጠፍ ነበረበት።

ከመጋረጃ ጀርባ · ሰኞ ማታ 2፡45

ጥያቄህ ትክክል ነው። ገንዘብ ያዣችንን አሁን ጠይቄ ነው የምጽፈው። ከገባው ከ10 እጅ 7 እጁ ለማተሚያው ይደርሳል። 3 እጅ ወጪ ነው። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድምፅና መብራት ነው፤ ያለ እሱ ትርዒት የለም። ቀጥሎ ግን አበባና ምንጣፍ ይመጣል። እሱን ሳየው ደነገጥኩ። አበባው በማግስቱ ጠወለገ።

ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊት ተቆጥሮ ተፈርሞበታል። ሙሉ ሒሳቡ ሐሙስ ይለጠፋል። የሚቀጥለው ዓመት ሐሳቤ ይህ ነው። ወጪውን በሙሉ የሚሸፍን ስፖንሰር ወይም የቁሳቁስ ስጦታ ካላገኘን ቲኬት መሸጥ አንጀምርም። ቲኬት የገዛ ሰው ገንዘቡ በሙሉ የት እንደሚሄድ ይወቅ። ያላገኘነው ነገር ደግሞ ይቀራል። መጀመሪያ የሚቀረው አበባው ነው።

የድሮ መጽሔት · ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

የቁጥር አይዋሽም ጥያቄ አዲስ አይደለም። ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የፓሪስ ፋሽን ነገር አጠራጣሪ ሆነ። የቮግ መጽሔት አዘጋጅ ኤድና ዉልማን ቼዝ ኒው ዮርክ ውስጥ በአገር ቤት ሰፊዎች ሥራ ትርዒት አዘጋጀች። ገቢው በጦርነቱ ባሎቻቸውንና ወላጆቻቸውን ላጡ ነበር። ፋሽንና በጎ አድራጎት ከዚያ ጀምሮ አብረው ሲሄዱ ኖረዋል።

በደንብ ሲሠራ የት እንደሚደርስ ለማየት የኢቦኒ መጽሔትን ፋሽን ፌር እዩ። ዩኒስ ጆንሰን የመራችው የጥቁር አሜሪካውያን ትርዒት ነው። ከ1958 እስከ 2009 ከተማ ለከተማ ሲዞር ኖረ። ለበጎ አድራጎት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል። ሞዴሎቹ በአውቶቡስ እየተጓዙ በየከተማው ይህንኑ ጥድፊያ ያልፉ ነበር። ቲኬት የገዛ ሰው የመጽሔት ደንበኝነትም አብሮ ያገኛል። ማለትም ሰው ለገንዘቡ የሚይዘው ነገር ነበረው። ለእናንተም የሚሆን ሐሳብ ይመስለኛል።

ስለ ስህተትም ላጽናናችሁ። በ1973 የቬርሳይ ቤተ መንግሥትን ለማደስ በተዘጋጀው ትርዒት አምስት የፈረንሳይና አምስት የአሜሪካ ዲዛይነሮች ተጋጠሙ። ኢቭ ሳን ሎራን፣ ዢቫንሺ፣ ሃልስተን፣ ኦስካር ዴ ላ ሬንታ ከነሱ መካከል ነበሩ። አሜሪካውያኑ የመድረካቸውን የጀርባ ሸራ በሜትር መለካት ሲገባቸው በፉት (ጫማ በሚባለው የርዝመት መለኪያ) ለኩት። ሸራው ደርሶ ሲሰቀል አጠረ። ባዶ ሊባል በሚችል መድረክ ላይ በሙዚቃና በሞዴሎቻቸው ወጡ፤ ምሽቱንም ይዘውት ሄዱ። ጥቁር ሞዴሎቻቸው ለዚያ ትልቁን ድርሻ እንደያዙ እስከዛሬ ይነገራል።

የተማሪ ትርዒት ምን ሊሆን እንደሚችል ደግሞ የስኮትላንዱን የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ እዩ። በ2002 ያን ጊዜ ተማሪ የነበረችው፣ በኋላ የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ባለቤት የሆነችው ኬት ሚድልተን በተማሪዎች የበጎ አድራጎት ትርዒት ላይ ስስ ልብስ ለብሳ ወጣች። ልብሱን የሠራችው የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ ነበረች። የሠራችውም ጉርድ ብላ ነው፤ ትርዒቱ ላይ ግን እንደ ቀሚስ ከደረት ተለበሰ። በ2011 ያ ልብስ ለንደን ውስጥ በጨረታ 78,000 ፓውንድ ተሸጠ። እኔ ሁሌም የማስበው ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውን ያቺን ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ጉርዱን ከፍ አድርጎ ያዘው፣ አየው፣ «እንዲህ ይሁን» አለ። ማን ነበር?

ሁለት ሜትር ክር · ማክሰኞ ጠዋት 3፡40

የመጨረሻው ጥያቄህ ልቤን ነካው። ለዚህ ነው ስም ይጻፍ የምንለው። ከመጋረጃ ጀርባ፣ አልባሾችን መድረክ ላይ መጥራት ብቻውን አይበቃም። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከሞዴሉ ስም አጠገብ የአልባሹ ስም ይታተም። «28ኛ፣ ሞዴል እገሊት፣ አልባሽ እገሊት» ተብሎ። ስም የታተመበት ሰው ኃላፊነቱንም በደንብ ይይዛል። ደግሞም ሥራ ሲፈልግ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።

ስድስት ነጥብ · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡15

ውይይቱን ስልኬ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ማየት የተሳነኝ ተማሪ ነኝ። ማተሚያው ከሚገዛላቸው መካከል ነኝ ማለት ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ቲኬት ገዝቼ ከጓደኛዬ ጋር አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ጥሩ ነበር። የታኮው ድምፅ ሲመጣና ሲርቅ እሰማለሁ። ሰው «ውይ!» ይላል። «ምንድን ነው?» እላለሁ። ጓደኛዬ «ቆይ፣ ቆይ» ትለኛለች። እሷም እያየች ነው፤ አልፈርድባትም። ሁለት ሰዓት እንዲህ አለፈ። ስለ እኛ ሲነገር ተጨበጨበ። የት እንደተቀመጥን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ተቀይሜ አይደለም። ማተሚያው በጣም ያስፈልገናል። ብሬል ቦታ ይበላል፤ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሲገለበጥ ብዙ ወፋፍራም ጥራዝ ይሆናል። ባለፈው መንፈቅ አንዱ መጽሐፍ እጄ የገባው ፈተና ሲቃረብ ነው። ማተሚያው ካለ በየሳምንቱ የምንፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ማውጣት እንችላለን። ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ግን ልብስ በዓይን ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። እኔ ጨርቅ እወዳለሁ። ሐርና ፖሊስተርን በጣቴ እለያለሁ። ገበሩ በእጅ ይሁን በማሽን የተሰፋ አውቃለሁ። በሌላው ዓለም አንዳንድ ቲያትር ቤቶች ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይነ ስውር ተመልካቾች አልባሳቱን በእጃቸው እንዲዳስሱ ያደርጋሉ። አንድ ሰው ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚታየውን ይነግራቸዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ይህ ቢታሰብ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ መርፌና ስፌት ስታወሩ ትዝ ስላለኝ ነው። የብሬልን ፊደል የፈጠረው ሉዊ ብሬል ዓይኑን ያጣው በወስፌ ነው። አባቱ ቆዳ ሠራተኛ ነበር። ልጁ በ3 ዓመቱ አባቱ ሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌው ዓይኑን ወጋው፣ ሕመሙ ወደ ሌላኛው ዓይኑም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1824፣ ገና 15 ዓመቱ ሳለ፣ የስድስቱን ነጥብ ፊደል ሠራ። በእጅ ሲጻፍ ነጥቦቹ ወረቀት ላይ የሚወጡትም ወስፌ በሚመስል ሹል ብረት ነው።

ከመጋረጃ ጀርባ · ማክሰኞ ማታ 12፡30

ስድስት ነጥብ፣ ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አልባሾቹ እንቅልፍ አጥቼ ስለ እናንተ አለማሰቤ አሳፈረኝ።

እስከሚቀጥለው ዓመት ለምን እንጠብቃለን? ልብሶቹ የሚመለሱት ሐሙስ ነው። አሁን የስፌት ክፍሉ ውስጥ ተሰቅለዋል። ዲዛይነሮቹን ጠይቄያለሁ፣ እስካሁን ዘጠኙ በደስታ ፈቅደዋል። ነገ ከሰዓት ትችያለሽ? ጓደኞችሽንም ይዘሽ ነይ። ያቺን ባለ ስፌት ሳጥኗን ልጅ እጠራታለሁ፤ ልብሶቹን ከእኔ በላይ ታውቃቸዋለች።

ስድስት ነጥብ · ማክሰኞ ማታ 1፡05

እመጣለሁ። አራት እንሆናለን።

የመርፌ ዓይን · ማክሰኞ ማታ 1፡50

ልጆቼ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቃችሁ ዳስሱ። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ ክር ይስባል። ለእንግዶቹም ልብሱን ከመስቀያው አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉላቸው። ተንጠልጥሎ ያለ ልብስ ክብደቱ አይታወቅም።

ከመጋረጃ ጀርባ · ረቡዕ ማታ 3፡20

መጡ። አንድ ሰዓት ያልነው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ጋሼ እንዳሉት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላቸው። ባለ ስፌት ሳጥኗ ልጅ ለእያንዳንዱ ልብስ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደለበሰው፣ መድረክ ላይ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል ትነግራቸው ነበር። እንዲህ መናገር እንደምትችል አላውቅም ነበር። ስለ ቢጫው ልብስ «ስትዞር ዘግይቶ ነው የሚዞረው፤ እሷ ከቆመች በኋላ እሱ ገና ይመጣል» አለች። አንዱ ልጅ ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ ራሱ ዞረ። ገባው።

እኔም ልብሶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርጋታ ያየኋቸው ዛሬ ነው።

ወደ መጨረሻ ላይ ሰማያዊው ቀሚስ ጋ ደረስን። ስድስት ነጥብ ቁልፎቹን ቆጠረች። 18። ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ገበሩን ስትዳስስ ቆመች። «እዚህ አንድ ነገር አለ» አለች። በጨርቁና በገበሩ መሀል ስፒል ነበር። ልክ ባየንበት ቀን ወገቡን ያጠበብንበት መሆን አለበት። ቀሚሱን እኔ አይቼዋለሁ። ዲዛይነሯ አይታዋለች። አልባሾቹም አይተውታል። ጋሼ፣ ስፒል አልቆጠርንም ነበር።

ረጅሟ · ረቡዕ ማታ 3፡31

በቀኝ በኩል ነበር?

ከመጋረጃ ጀርባ · ረቡዕ ማታ 3፡33

በቀኝ በኩል። ከወገቡ ስፌት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ።

ረጅሟ · ረቡዕ ማታ 3፡34

እሱ ነው። ስድስት ነጥብ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከመውጣቴ በፊት ልብሴን አንቺ ዳስሺልኝ።

ስድስት ነጥብ · ረቡዕ ማታ 3፡40

እሺ። ስሜን ወረቀቱ ላይ ከአልባሾቹ ጋር ጻፉት። በብሬልም።